ጠፈር የገባው የጅቡቲ ፉርጎ

ዘንጌን ቀሙኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው። አሥራ አንድ ዓመት በገዛ ክንዴ የነቀነቅኩትን ፉርጎ ከእጄ አውጥተው ለሞተር ሰጡትና እኔን በር ላይ አቁመው "ቲኬት ቁረጥ" አሉኝ። አንድ ሰው መጥቶ "ይቅርታ" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

"ፉርጎ መነቅነቅ ደግሞ ሥራ ነው?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚስቴ ወንድም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየበዓሉ እቤቴ እየበላ "ለመሆኑ አንተ የምትሠራው ምንድን ነው?" ይለኝ ነበር። በየበዓሉ እነግረዋለሁ፤ በየበዓሉ ይስቃል። እናንተም ሳቁ። ግን መጀመሪያ አንብቡ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍ የሞላበት አንድ የመዝናኛ ግቢ ነበር። ዥዋዥዌ ነበረው፣ ቀለማቸው የተላጠ የእንጨት ፈረሶች ነበሩት፣ ለስላሳ የሚሸጥበት ኪዮስክ ነበረው። የግቢው ንጉሥ ግን (ንጉሥ ማለት በዚያን ጊዜ ደግ አልነበረም፣ ግን ሌላ ቃል የለኝም) ፉርጎው ነበር። ድሮ አንድ ግሪክ አናጢ ከሥራ የወጣ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ገዛና መንኮራኩሩን አውልቆ በአራት የካሚዮን ባሌስትራ ላይ ጫነው። ከወለሉ ሥር ረጅም የብረት ዘንግ ሰካበት። የዘንጉን ጫፍ ከፉርጎው ኋላ አወጣና ነቅናቂው እንዳይታይ በቆርቆሮ ጋረደው። ከመስኮቶቹ ውጪ፣ በግራም በቀኝም፣ በቆሙ ወፋፍራም እንጨቶች ላይ የሚጠቀለል ሸራ ዘረጋ። በሸራው ላይ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው መንገድ አንድም ሳይቀር ተስሏል፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ግመሉ፣ እሾሁ፣ ጨው ሜዳው፣ በመጨረሻም ባሕሩ።

ግሪኩ ንብረት ሲወረስ አገሩ ገባ። እኔና ሐሊማ ቀረን። ሐሊማ ባሏ የሞተባት የመጋላ ሰፈር ሴት ናት፤ በየጠዋቱ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አቋርጣ ትመጣና የሸራውን እጀታ ትይዛለች። እኔ ዘንጉን እይዛለሁ። እሷ ሸራውን ስታጠነጥን፣ እኔ ስነቀንቅ፣ ተሳፋሪው በሃያ ደቂቃ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። እኔ ከቆርቆሮው ኋላ ስለሆንኩ አንድም ነገር አላይም። ሐሊማ ናት በጩኸት የምትነግረኝ።

"ወሪያ! አይሻ ገብተናል እኮ! አንተ ገና ሽንሌ ላይ ታንቀላፋለህ? አቦ፣ ሳብ!"

እስባለሁ። እንዴት እንደምስብ የማውቀው ደግሞ ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በእውነተኛው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ስለነበርኩ ነው። የትኛው ድልድይ ከታች እንደሚመታ፣ የትኛው ኩርባ ሰውን ወደ ግድግዳ እንደሚያስጠጋ፣ ሐዲዱ በሙቀት የሚለጠጠው የት ላይ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ወገቤ ያውቀዋል። አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የኛ ሠራተኞች ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ወርደን ለወዲያኞቹ እናስረክብ ነበር። ስለዚህ ከደወሌ በኋላ ያለውን ከራሴ ፈጠርኩት። የባሕሩን አነቃነቅ የወሰድኩት በልጅነቴ ከተቀመጥኩባት የአጎቴ በቅሎ ነው።

አንድ ቀን ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ሲሸከም የኖረ ሽማግሌ ተሳፈረ። ሲወርድ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ዞሮ ቆርቆሮው ኋላ መጣ።

"ባሕሩን የምታደርገው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"ጀልባ ላይ ሠርተሃል?"

"አልሠራሁም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

ከበቅሎ ማለት አፈርኩ። እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ሄደ። እኔ ያን ቀን ሁለተኛውን ጉዞ መጀመር አቅቶኝ ተቀምጬ ቀረሁ። ያላየሁትን ነገር ከየት አምጥቼ ሰጠሁት? አሁንም አላውቅም።

በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ደግሞ እውነተኛው መስመር ተቋረጠ። በዚያ ሁሉ ወር ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ባቡር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኔ ነው። በመስመሩ ላይ እየተመላለሱ ይነግዱ የነበሩ የቀፊራ ገበያ ሴቶች ሥራ ፈትተው ይመጡና ጥቅላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። አይስቁም፣ አያወሩም። ሄደው ይመለሳሉ። ሲወርዱ አንዳንዷ ወደ ቆርቆሮው ዞራ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች። ቆርቆሮውን።

እንግዲህ ከእጄ የወጣው ይህ ነው።

ዕቃ ያረጃል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ባሕሩ ነጣ። አንደኛው ግመል ጭንቅላቱ ተበልቶ በጆንያ ተጠገነ። አይሻ ላይ ሸራው ስለተቀደደ ከአዲጋላ ዘለን ደወሌ እንገባ ጀመር። በ1976 ጥቅምት ላይ የግቢው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ወጣት ነው፤ ጥሩ ተናጋሪ፣ በአካልም ከበድ ያለ።

"ጓዶች፣" አለ፣ "ፉርጎው ዘመኑን አይመጥንም። ሰፊው ሕዝብ እስከ መቼ ጅቡቲ ብቻ ይሄዳል?"

"ታዲያ የት ይሂድ?" አልኩ።

"ጠፈር።"

ሐሊማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጠፈር የቱ ነው? ከደወሌ ወዲያ ነው?" አለችኝ።

"ወደ ላይ ነው፣" አልኳት።

"ወላሂ አበዱ!"

እጄን አወጣሁ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠፈር ውስጥ ሐዲድ አለ?"

"የለም።"

"ድልድይስ?"

"የለም አልኩህ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው በምን ይንገጫገጫል?"

ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰበና "በሳይንስ" አለ። ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ ብቻውን አይቀመጥም።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ አርባ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ሁሉ በግማሽ መንገድ ይደክመኝ ነበር። ይኸኛው አልደከመኝም። "ፉርጎው እስካሁን ሲንቀሳቀስበት ከነበረው ኋላቀር የጉልበት አሠራር ተላቆ በሞተር ይሠራል" ይላል። ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙን ጨምሮ፣ ሳላንገራግር አነበብኩት። አንዴም ሳልደናቀፍ የጨረስኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ የገዛ መባረሬ ነው።

ሞተሩን ያመጣው ግርማ የሚባል የመብራት ሠራተኛ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ጨዋነቱ ነው፣ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። "የሚነቀንቅ ሞተር ፈልግ" አሉት፤ ፈለገ። ከተዘጋ መጋዘን ውስጥ አንድ አገኘ። ሞተሩ በፊት ይነቀንቅ የነበረው ምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም። በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ከዘንጌ ጋር አያያዘው። እኔ ቲኬት እየቆረጥኩ ከሩቅ አያለሁ። ሚስቴ "ምሳ ለምን አትበላም?" ትለኛለች። ዘንጌ ላይ ቺንጋ ታስሮ እንዴት ልብላ?

አሁን ግን እውነቱን ልናገር፤ የምጽፈው ለመርገም ብቻ አይደለም። ሸራውን ያደሰው በየነ የሚባል የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰዓሊ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ግቢው ውስጥ ተዘግቶ ሠራ። የጨረሰ ዕለት "ጋሼ፣ ግባና እይ" አለኝ። ለመስደብ ተዘጋጅቼ ገባሁ፤ የምለውንም መርጬ ነበር። አንድ ቃል አልወጣኝም።

ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማይ ነው። ከዋክብቱ ተቆጥረው አያልቁም። ቀለበት የታጠቀ አንድ ትልቅ ቢጫ ነገር አለ። ምድር ደግሞ ሰማያዊ ሆና፣ ክብ ሆና፣ ብቻዋን ተንጠልጥላለች። እኛ በዚች ላይ ነው ወይ የምንናከሰው? በዚያ ላይ በየነ ቀለም አንሶት ጥቁሩን ሳስቶ ነው የቀባው፤ ፀሐይ ከኋላ ስትመታው የድሮዎቹ ግመሎች ከሥር ብቅ ይላሉ። ግመሎች ተራ በተራ ሆነው በከዋክብት መሐል ይሄዳሉ። ጭንቅላት የሌለውም ጭምር።

"ቀለም አልበቃኝም፤ ይቅርታ፣" አለ በየነ።

"ዝም በል፣" አልኩት። "እንዳትነካው።"

ፉርጎውን ከውጭ ብርማ ቀለም ቀቡትና ከፊቱ የውሃ በርሜል ደፉበት፤ አፍንጫ መሆኑ ነው። ውስጡን አልነኩትም። የእንጨት አግዳሚዎቹ ያው ናቸው። "በመስኮት አንገት ማውጣት ክልክል ነው" የሚለውም እንደ ተሰቀለ ቀረ፤ ለጠፈርም የሚሆን ምክር ነው።

የምርቃቱ ቀን ከላይ አንድ ትልቅ እንግዳ መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው፤ የቆዳ ቦርሳ ከእጃቸው አይለይም። ሊቀ መንበሩ አብሯቸው ከፊት ተቀመጠ። የቀረው ቦታ ለሠርቶ አደር ተሰጠ፤ ማለትም ለእትዬ ዘነቡና ለጓደኞቿ። እትዬ ዘነቡ ድሮ በመጋዘን ቡና ለቃሚ ነበረች፣ አሁን በባቡር እየተመላለሰች የምትነግድ የቀፊራ ሴት ናት። ሁሉም ከገበያ በቀጥታ ስለመጡ ጥቅላቸውን እንደ ያዙ ገቡ። እኔ ቲኬታቸውን ቆረጥኩ።

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ "ውይ!" አለ፤ ከዋክብት ማለፍ ጀመሩ። እንግዳው መስኮቱ ላይ ተደፉ። ቀናሁ፤ አልዋሽም። ሁለት ደቂቃ እንዳለፈ ግን በበሩ በኩል ሳይ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ቦታ እየለወጡ ነው። ማንም አልተነሳም፣ ግን ሁሉም እየሄደ ነው። አግዳሚው በዘመናት መቀመጫ ለስልሶ መስታወት ሆኗል፤ ሞተሩ ደግሞ ትር ትር ትር እያለ አንድ ዓይነት ንቅናቄ ብቻ ይነቀንቃል። ቀጫጭኖቹ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፣ ወፋፍራሞቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ። ሊቀ መንበሩ የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታውን እንደ ጠበቀ፣ ከእንግዳው እየራቀ ሄደ።

እትዬ ዘነቡ ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ ጮኸች።

"ኡኡ! ይሄማ የኛ ማበጠሪያ ነው! የቡና ማበጠሪያ! ይሄን ድምፅ አሥር ዓመት ሰምቼዋለሁ! እናንተ፣ ተያያዙ! ጠጠሩ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው!"

"ጠጠሩ ማነው?" አለች አንዷ።

ሁሉም ዞረው ሊቀ መንበሩን አዩት። የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

"እንግዳውስ?"

"እሳቸውማ ከፊት ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚላኩት!"

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። ግርማ ፊቱ ዓመድ መሰለ። ሐሊማ ብቻ እጀታዋን አልለቀቀችም፤ ጨረቃ እስክትደርስ ድረስ አጠነጠነች። ልክ ጨረቃ መስኮቱ ላይ ስትሆን መብራት ጠፋ። የከተማው ሁሉ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ተወው።

ሊቀ መንበሩ ክልክል የሆነውን አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ጋሼ! ቶሎ በል፣ ነቅንቅ!"

"ቲኬት ቆራጭ ነኝ፣ ጓድ።"

"ጋሼ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?"

"ማስታወቂያው ላይ ኋላቀር ይላል። አንብቤዋለሁ።"

አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ። ሐሊማ ከወዲያ "ወሪያ!" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰዎቹ ጨረቃ ላይ ቀሩ እኮ። እሱን ተወው፤ ለነሱ ብለህ መልሳቸው።"

ሄድኩ። ለሊቀ መንበሩ አይደለም። ቺንጋውን አወለቅኩና ዘንጌን ያዝኩ። አራት ወር አልነካሁትም ነበር። ያዝኩት እንጂ ምን እንደማደርግ ግን ጠፋኝ። ከጨረቃ እንዴት ነው የሚመለሰው? ጠፈር በምን በኩል ይመታል? እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሐሊማ ሸራውን ወደ ኋላ ማጠንጠን ስትጀምር እኔም ከደወሌ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ይንጫጩ ነበር። ከዚያ ጫጫታው ቀነሰ። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ቆርቆሮው ኋላ የምሰማው የባሌስትራውን ጩኸትና የራሴን ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ፈራሁ። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትነግር ሆና፣ "አይሻ" አለች።

"አዎ፣ አይሻ ነው፣" አለች ሌላዋ።

ነቀነቅኩ። "ድልድዩ!" አሉ፤ ድልድዩ ነበር። "አዲጋላ!" አሉ፤ አዲጋላ ነበር። ሐሊማ ኋላ እንደ ነገረችኝ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እንደ ፈጠጠ ነው። ውጭ ከዋክብት ያልፋሉ፣ በከዋክብቱ መሐል ግመሎች ይሄዳሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ ያው ሐዲድ አለ። ሰማይ ላይ ሆነው አገራቸውን በወገባቸው ያውቁታል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ ለመኩራት እንኳ ድፍረት አልነበረኝም። ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ።

ከዚያ ሽንሌ መጣ። እዚህ ላይ የሆነውን ነገር ድሬዳዋ ያልኖረ ሰው አያምነኝም፤ የኖረ ደግሞ ሳልነግረውም ያውቀዋል። ባቡሩ ከሽንሌ አለፍ ብሎ ወደ ከተማ ሲቃረብ ያዘግማል። ፍሬን ያዡ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ፊናንስ ነው፤ ኮንትሮባንድ ፈታሹ። በመስመሩ ላይ የነገደች ሴት ሁሉ ያቺን ሦስት ንቅናቄ እንደ ልብ ትርታዋ ታውቃታለች። ሦስተኛዋ ላይ ጥቅሏን በመስኮት ትወረውራለች፤ ዘመዷ ከታች ቆሞ ያነሳላታል። እኔ ይህን አላሰብኩም። መንገዱ ላይ ስላለ ብቻ አደረግኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ሴቶቹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ።

ጥቅሉ በግራም በቀኝም ወደ ጠፈር ወጣ፤ ይህንም ያየችልኝ ሐሊማ ናት። አቡጀዲ ወጣ፣ ሳሙና ወጣ፣ ያንድ እግር ጫማ ወጣ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ቀለበታሙን ቢጫ ነገር መትቶ ተበተነ። እትዬ ዘነቡ ጥቅሏን ከወረወረች በኋላ ነው "እኔን! ቲማቲሜን!" ያለችው። ይህ ምንም አይደለም። ከላይ የመጡት ትልቅ እንግዳ፣ ያ ቀጭን፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ከሴቶቹ እኩል ብድግ ብለው የቆዳ ቦርሳቸውን በመስኮት ወረወሩ።

ፉርጎው ቆመ። እንግዳው ባዶ እጃቸውን እያዩ ቆሙ። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ በልጅነታቸው በማን ጭን ላይ ሆነው ያችን መንገድ እንደተመላለሱ የጠየቃቸው የለም፤ ጊዜውም የሚጠየቅበት አልነበረም። እትዬ ዘነቡ ብቻ እያየቻቸው ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ሰላምታ እንደ መስጠት።

"ሽንሌን፣" አሉ እንግዳው፣ "ሽንሌን ያደረገው ማነው?"

ሊቀ መንበሩ ሸሚዙን እያስተካከለ ከኋላ መጣ። "ሞተሩ ነው፣ ጓድ።"

እዚህ ላይ "የት ነበርክ?" ትሉኛላችሁ። ቆርቆሮው ኋላ ነበርኩ። ያወለቅኩት ቺንጋ ከእግሬ ሥር ወድቆ ነበር፤ ለመውጣት ስፈጥን ተጠላለፍኩበትና ሱሪዬ የሞተሩ ብሎን ላይ ተያዘ። ብወጣ ያለ ሱሪ ነው የምወጣው። ሐሊማ "ውሸት ነው! ሰው ነው!" ብላ ጮኸች፤ ሲናደዱ ምላስ ወደ ቤቱ ይመለሳልና በሶማሊኛ ነበር የጮኸችው። እንግዳው ምስጋና መስሏቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በሳምንቱ የምስክር ወረቀት መጣ። ለሞተሩ። በመስታወት አድርገው ከጎኑ ሰቀሉለት።

ከዚያ በኋላ ከተማው መጣ። ከመጋላ፣ ከቀፊራ፣ ከከዚራ፤ ወሬው አዳርሶታል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "ሽንሌን አሳዩን።" ሞተሩ ግን ያቺን ትር ትሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ተበጥሮ፣ ቀጭኑ በፊት በር ወፍራሙ በኋላ በር እየወጣ፣ "ሽንሌስ የት አለ?" ብሎ በሩ ላይ ያፈጥብኛል። "ሞተሩን ጠይቁ፣ የተማረው እሱ ነው" እላለሁ። ይባስ ብሎ ከእንግዳው ደብዳቤ መጣ፤ ቤተሰባቸውን ይዘው ሽንሌን ደግመው ለማየት ይመጣሉ።

ግርማ ተልኮ መጣ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የመጣው።

"ጋሼ፣ አነቃነቁን በጽሑፍ ስጠኝ። የብረት ጥርስ እየቆረጥኩ ሞተሩ ላይ እገጥመዋለሁ።"

ሐሊማ ሰማች። "ሞኝ እንዳትሆን! እጅህን ቆርጠህ በወረቀት ጠቅልለህ ልትሰጣቸው ነው?"

እውነቷን ነው። በደንብ ከጻፍኩት ዘንጉ ለዘላለም የሞተሩ ነው። አበላሽቼ ልጻፈው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። አልቻልኩም። በአርባ ሦስት ዓመቴ በመከራ ያገኘሁትን ፊደል ለውሸት ላባክነው? ቁጭ ብዬ ሁለት ደብተር ሞላሁ። የእውነት ልንገራችሁ፣ ስጽፈው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ መንገድ ከወገቤ ወጥቶ ወረቀት ላይ ተኛ። እያንዳንዷ ድልድይ አለች። በቅሎዋም አለች።

ደብተሩ ኮሚቴው ፊት ተነበበ። አንባቢው ግርማ ነው።

"'ከአይሻ በኋላ ትከሻህን ልቀቅ፤ ሆድህን ግን አትልቀቅ።'"

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ።

"'አዲጋላ ስትቃረብ፣ ቤትህ የታመመ ሰው እንዳለ አስበህ ቸኩል፤ ግን እንደ ቸኮልክ ለዘንጉ አታሳውቀው። ሽንሌ ላይ ሦስት ጊዜ ያዝ። ሦስተኛዋን ስትይዝ ፍራ።'"

ግርማ ደብተሩን ዘጋው።

"ምን ሆንክ? አንብብ፣" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ጓድ፣ ይሄ አይገጠምም። ሞተሩ ትከሻ የለውም።"

"ይሠራለታ!"

"ትከሻውን ልሥራ። ፍርሃቱንስ?"

ሊቀ መንበሩ ደብተሩን ተቀብሎ ራሱ አገላበጠው። ማበጠሪያው ግድግዳ ላይ የለጠፈው ቀን ትዝ ብሎት ይሁን፣ ወይም የእንግዳው ደብዳቤ፣ አላውቅም። ከዚያ የኔን ፊት ሳያይ "በድምፅ እንወስን" አለ። እጆች ወጡ። የሱም ወጣ፤ በመጨረሻ፣ ግን ወጣ።

ደብዳቤውን በእጄ ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ፣ ለሐሊማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦ "ሞተሩ ትከሻ እስኪኖረው ድረስ ፉርጎውን በጊዜያዊነት እንዲነቀንቁ የተመደቡ መሆኑን እናስታውቃለን። ግንቦት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.።"